ምላስ ያጣው ድስት

ነገሩን ከመጀመሬ በፊት ወጥ ቤቴን ላሳያችሁ፤ እሷን ሳታዩ የደረሰብኝ አይገባችሁም። ወጥ ቤቴ ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ፣ በአንድ የሐረሪ ግቢ ጥግ የተለጠፈች ክፍል ናት። ክፍል የምላት ለክብሯ ስል ነው። አንድ ሰው ቆሞ ሽንኩርት ሊከትፍባት ይችላል፤ ሽንኩርቱ ዓይኑን ካቃጠለው ግን ክርኑን አንስቶ ዕንባውን ለመጥረግ ወደ ግቢው መውጣት አለበት። እንግዲህ በዚህች ወጥ ቤት ነው አራት ሰዎች በአንድ ቀን እንዲያበስሉ ያደረግሁት። ማንም አላስገደደኝም። በገዛ እግሬ ዞሬ፣ በገዛ አፌ «እባካችሁ ኑና አብስሉልኝ» ብዬ ነው ከአራቱ ሦስቱን የለመንኩት።

ሰው ወዳጁን ሲጠራ «ና ብላ» ይላል እንጂ «ና አብስል» አይልም፤ እሱን አውቃለሁ። እናንተ ግን አክስቴን አታውቋትም።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ሐረር ስመጣ ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር፤ አሁን አሥራ አንደኛውን ይዣለሁ። አላገባሁም። ለምን እንዳላገባሁ የሚያውቅ ካለ ለእኔም ይንገረኝ። ያሳደገችኝ አክስቴ፣ ቤተሰቡ በሙሉ እቴቴ የሚላት፣ እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች። ሰላምታዋን ስትጨርስ ሁለት ጥያቄ አላት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልተለወጡም።

«ትጾማለህ?»

«እጾማለሁ።»

«ሰው አለህ?»

«ሞልቶኛል።»

ሁለተኛው መልሴ እውነት ነው። ስለ መጀመሪያው ትንሽ ላስረዳ። በትምህርት ቤታችን የጂኦግራፊ ክፍል ውስጥ ልክ ምድር ወገብ ላይ የሚከፈት አሮጌ ሉል አለ። በሁዳዴ ወቅት ሰሜኑን ንፍቀ ክበብ ብድግ ብታደርጉት ሁለት ሙዝና አንድ እሽግ የጾም ብስኩት ታገኛላችሁ። እንዳትሳሳቱ፣ ሥጋ አልበላም፤ ወተትም ዕንቁላልም አልነካም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆድ መቆየት ነው ያልሆነልኝ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ካርታው ላይ ግብፅን ላሳይ ስል ጠቋሚዬ ሱዳን ላይ ያርፋል። ይህን እቴቴ አታውቅም። ብታውቅ «ሐረር አበላሸችው» ማለቷ አይቀርም። ደብረ ብርሃን እያለሁም ከጓዳዋ ዳቦ እሰርቅ እንደነበር እሷም አታውቅ፣ እኔም አልነግራት።

የሁለተኛው ጥያቄ ጣጣ ደግሞ እሷ «ሰው» የምትለው እናንተና እኔ «ሰው» የምንለውን አለመሆኑ ነው።

«እንግዳ ሆኖ መጥቶ፣ በልቶ፣ መርቆ የሚሄድማ ማንም አለው» ትላለች። «ወጥ ቤትህ ገብቶ፣ ክዳን ከፍቶ አይቶ፣ ይሄ ነገር እሳት በዝቶበታል የሚልህ አለ ወይ? ሰው ማለት እሱ ነው።»

ታዲያ በቀደም አንድ እሑድ ደወለችና ሰላምታውን አሳጠረችው። እሷ ሰፈር ባለው ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪው ጡረታ ወጥቷል። እቴቴ ራሷ ትምህርት ቢሮ ድረስ ሄዳ የዝውውር መጠየቂያ ቅጽ አምጥታለች። «ማክሰኞ እገባለሁ፣ ዓርብ እመለሳለሁ» አለች። «ሰው እንዳለህ በዓይኔ ካየሁ ቅጹን ይዤው እመለሳለሁ፤ ዳግመኛም አላነሳብህም። ካላየሁ ትፈርማለህ።»

ይህች ሴት የተናገረችውን ስታጥፍ አይቼ አላውቅም። ሐረርን ለምን እንደምወድ ብትጠይቁኝ ቶሎ የሚመጣልኝ መልስ የለኝም፤ ብቻ ትቻት ስሄድ ራሴን ማየት አልችልም። እምቢ አልልም ደግሞ። እናት ሳይኖረኝ እናት የሆነችኝ እሷ ናት፤ እሷን እምቢ የምልበት አፍ አልተሠራልኝም።

ማክሰኞ ከአውቶቡስ ስትወርድ በአንድ እጇ ሽሮና በርበሬ የሞላ ዘንቢል፣ በሌላው የእጅ ቦርሳዋን ይዛ ነበር። ቦርሳው ውስጥ ቅጹ በላስቲክ ተጠቅልሎ አለ። በሁለት ቅጂ።

ሐሙስ ዕለት ምግብ እንዲበስል ወሰንኩ። ትምህርት ቤቱ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ላይ ስለነበር ጊዜ አለኝ። ከሰዎቼ መካከል ሦስቱን መረጥኩ።

የመጀመሪያዋ የቤቱ ባለቤት አይ ፋጡማ ናቸው። «አይ» በሐረሪ እናት ማለት ነው። ዕድሜያቸው ከሰባ ያልፋል፤ ሳምቡሳቸውን የሚያውቅ ሰው በረመዳን ወደ ማታ በግቢያችን በር ሲያልፍ እርምጃው ይዘገያል። ስለምናቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«በረመዳን፣ በሰው ወጥ ቤት? ማነው ሽንኩርቱን የሚከትፈው?»

«እኔ።»

«ድስቱንስ የሚያጥበው?»

«እኔው።»

«እንግዲያስ ኢንሻአላህ» አሉ።

ሁለተኛዋ ሐሊማ ናት። ከገጠር አትክልት እያመጣች ኤረር በር አጠገብ ትሸጣለች፤ ዘጠኝ ዓመት ደንበኛዬ ናት። ድንች እኔ አልመርጥም፣ እሷ ትመርጥልኛለች፤ አንድ ጊዜ ራሴ ልምረጥ ብዬ ሦስቱ ድንጋይ ሆነው ተገኝተዋል። «አቦ ቲቸር፣ አንተ ጋ የሚቆርጥ ቢላ አለ እንዴ?» አለችና የራሷን ይዛ ልትመጣ ተስማማች።

ሦስተኛው ሃምሳ አለቃ ወርቁ ናቸው። ጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት ወጥ ሠሪ ናቸው፤ የምንተዋወቀው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለጦር ሲያበስሉ ስለኖሩ ከሁለት መቶ ሰው በታች የሚሆን ምግብ መሥራት አይችሉም። ባለቤታቸው ይህን ስለሚያውቁ ወጥ ቤት አያስገቧቸውም፤ ስጠራቸው ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ። በዋዜማው መጥተው ድስቴን አነሱና ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ይሄ ድስት ነው ስኒ?»

በማግስቱ የራሳቸውን በባጃጅ አስጭነው መጡ። ባጃጁ ከሠፈራችን መተላለፊያ አፍ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ፤ ድስቱን አውርደን እንደ ጎማ እያንከባለልን ግቢ አስገባነው። በወጥ ቤቴ በር አልገባም አለ። ግቢው መሃል ሦስት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ሃምሳ አለቃ፣ ይሄ ድስት አልበዛም?» አልኳቸው። ያን ባልል ኖሮ ጥሩ ነበር።

አራተኛዋ ራሷ እቴቴ ናት። እሷን አልጠራኋትም። «አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ነደባው ላይ አረፍ በይ» አልኳት። ነደባ በሐረሪ ቤት ውስጥ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተሠራው፣ ምንጣፍ የሚነጠፍበት መደብ ነው። እሷ ግን ነጠላዋን አደግድጋ ማማሰያውን ከእጄ ተቀበለችኝ።

አሁን ስህተቴን ልንገራችሁ። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመዋል። ይህን አላውቅም ነበር አልላችሁም፤ በዚያ ሰሞን በሠፈሬ በቀን የሚያኝክ ካለ ወይ ፍየል ነው ወይ እኔ ነኝ። ዕቅዴም ተስተካክሎ ነበር፤ እቴቴ በዘጠኝ ሰዓት ትበላለች፣ እነ አይ ፋጡማ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በመግሪብ ያፈጥራሉ። ያላሰብኩት ምግብ ከመበላቱ በፊት መቀመስ እንዳለበት ነው። ለእኔ መቅመስ ማለት መብላት ነውና ለየብቻቸው አስቤያቸው አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት እቴቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በሩን ዘግቼ ሁለት ዳቦ በሻይ በላሁ። አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰበሰቡ። የተስማማንበት እንዲህ ነው፤ በትልቁ ድስት ድፍን ምስር ይቀቀላል፣ ከእሱ ላይ ለሳምቡሳው ይጨለፋል፣ የቀረው ወጥ ይሆናል። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፤ ለሁሉም የሚሆን ምግብ ነው። አይ ፋጡማ ወጥ ቤቴን ይዘው ሊጥ ያቦካሉ። ሐሊማ ደጃፉ ላይ ድንችና ቃሪያ ትቆርጣለች። ሃምሳ አለቃ እሳቱን ያዛሉ። እቴቴ ድስቱን ታማስላለች። እኔ መላላክ ነው ሥራዬ።

መጀመሪያ አይ ፋጡማ በመስኮቱ ብቅ አሉ። «ልጄ፣ ምስሩ ላይ ጨው ጣል አድርግበት።» ጣል አደረግሁ።

ቆየት ብሎ ሐሊማ «ቲቸር፣ ጨው ረስታችኋል ወላሂ» አለችኝ። አደረግሁ።

ሃምሳ አለቃ ማዘዝ እንጂ መናገር አያውቁም። «ጨው!» ሲሉ ተረከዜን ልገጥም ምንም አልቀረኝ። መለኪያቸው ጭብጥ ሙሉ ነው፤ የእኔ ጭብጥ አይደለም፣ የእሳቸው። አደረግሁ።

በመጨረሻ እቴቴ በርበሬ ልታመጣ ስትነሳ «አንተ ልጅ፣ ጨው አድርግ እንጂ፣ ምን ታያለህ?» አለች። አደረግሁ።

«አራት ጊዜ ስትጨምር ምን እያሰብክ ነበር?» ብላችሁ እንደምትቆጡኝ አውቃለሁ። ምንም አላሰብኩም። ወጥ ሠርቼ አላውቅም። አራት አዋቂ ሰዎች ጨው ካሉ ጨው በየተራ የሚጨመር ነገር ነው ብዬ አመንኩ። አንዱ ያለውን ለሌላው መንገርም ወሬ ማመላለስ መሰለኝ።

ሰባት ተኩል ገደማ እቴቴ ማማሰያዋን አቆመችና «ለመሆኑ ጨዉ እንዴት ነው?» አለች።

እቴቴ ሃምሳ አለቃን አየች። ሃምሳ አለቃ ሐሊማን አዩ። ሐሊማ አይ ፋጡማን አየች። አይ ፋጡማ ሰማዩን አዩ። የሁሉም ሆድ ባዶ ነው፣ የሁሉም ምላስ ተዘግቷል። ሐሊማ ልጅ ተጠርቶ ይቅመስልን ስትል አይ ፋጡማ ተቆጡ፤ የልጅ ልጃቸው በሰባት ዓመቱ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቀን እጾማለሁ ብሎ አልጋው ላይ ተኝቶ ሰዓት እየቆጠረ ነው፣ ማን ነው እሱን የሚፈትነው?

እዚህ ላይ የሙያ ክርክር ተነሳ። ሃምሳ አለቃ ጆሯቸውን ወደ ድስቱ አዘነበሉ። ጨው ያነሰው ምስር ሲፈላ ድምፁ ቀጭን ነው አሉ። አይ ፋጡማ በአፍንጫቸው ሳቡት። ሐሊማ ሁለት ፍሬ በጣቶቿ ፈርካ አየች። እቴቴ በጭልፋ አንስታ እንዴት እንደሚንጠባጠብ ተመለከተች። አራቱም በየመንገዳቸው ሄደው አንድ ውሳኔ ላይ ደረሱ።

«ትንሽ ያንሰዋል።»

አምስተኛውን ሃምሳ አለቃ ራሳቸው ጨመሩ።

ያኔ ነው መጠርጠር የጀመርኩት። ማንኪያ በእጅጌዬ ደብቄ፣ ድስቱን የማማስል መስዬ ጨለፍኩና ከግንቡ ኋላ ዞርኩ። ቀመስኩት። ዓይኔ ፈጠጠ፣ ጆሮዬ ጮኸ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቼ ስለ ዳሎል የጨው ሜዳ አስተምሬያለሁ፤ አፌ ውስጥ ገብቶ አያውቅም ነበር።

ጉዳዩን ተረዳችሁልኝ? ዝም ካልኩ ያ ሁሉ ምግብ ይደፋል፣ እቴቴም «ሰው ያልካቸው ተሰብስበው አንድ ድስት አላበሰሉልህም» ብላ ቅጹን ታወጣለች። ከተናገርኩ ደግሞ «በምን አወቅህ?» መባሌ ነው። አሥራ አንድ ዓመት «እጾማለሁ» እያልኩ እንደዋሸኋት ይታወቃል። ያም ቅጹን ያስወጣል።

ፈሪ ሰው መሃል መንገድ ይፈልጋል። ማንም ሳያየኝ ውሃ ጨመርኩ። ሐረር ውስጥ ውሃ በሳምንት አንዴ ብቅ ስትል በጀሪካን የምትያዝ እንግዳ ናት፤ ሁለት ጀሪካን አፈሰስኩ። ዞሬ ቀመስኩ። ያው ነው። ድንች ጨው ይስባል ሲባል ሰምቻለሁና የሐሊማን ግማሽ ከረጢት ላጥኩና ከተትኩ። ዞሬ ቀመስኩ። ያው ነው።

«ይሄ ምስር እየበዛ ነው» አሉ ሃምሳ አለቃ በጥርጣሬ።

«ድፍን ምስር ሲበስል ይፋፋል» አልኳቸው።

«ድንችም ይወልዳል እንዴ?»

ለሦስተኛ ጊዜ ከግንቡ ኋላ ስመለስ እቴቴ ፊት ለፊቴ ቆማለች። ጢሜን አየችው። እኔም ዓይኗን ተከትዬ ጢሜን ለማየት ሞከርኩ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የቱ?»

«ከንፈርህ ላይ ያለው።»

አንድ ፍሬ ምስር ነበረች። ይህን ሁሉ ዓመት ሉል ውስጥ የደበቅሁትን አንዲት ምስር አጋለጠችው። እንዲያው አንዴ አፌ ከተከፈተ አልዘጋም አለኝ። ጨው አራት ጊዜ እንዳደረግሁ፣ ማን ማን እንዳዘዘኝ፣ ጠዋት ዳቦ እንደበላሁ፣ ሉሉን፣ ሙዙን፣ ብስኩቱን፣ የጓዳዋን ዳቦ ሳይቀር ዘረገፍኩት። አይ ፋጡማ «ሱብሃነላህ!» አሉ። ሐሊማ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሃምሳ አለቃ አቀርቅረው እሳት ይቆሰቁሳሉ።

እቴቴ ወደ ድስቱ ተመልሳ ጎንበስ አለች። ቦርሳዋ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ዓይኔ ከእሱ ላይ አልነቀልም አለ።

«በጣም ነው የበዛው?» አለች በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«ጨዉ!»

«በጣም።»

«ታዲያ አንተ ልጅ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ የሚቀምስ አጥተን እንደ ዕውር ስንዳብስ ምላስህን የት ደብቀኸው ነበር? የጾሙን ነገር ከነፍስ አባትህ ጋር ትጨርሳለህ። እኔ አሁን የምፈልገው ምላስህን ነው። ና ወዲህ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስታወስ ይከብደኛል። አይ ፋጡማ ወደ ግንቡ ተጠግተው ለጎረቤት አንድ ነገር በሐረሪ ተናገሩ። ጀጎል ውስጥ በግንብ ላይ የተነገረ ነገር ስንት ግንብ እንደሚሻገር የሚያውቅ የለም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ምስር መምጣት ጀመረ፤ በሳህን፣ በፌስታል፣ አንዱም በቆብ። ጨው ያልነካው ምስር በሌላ ድስት እየተቀቀለ ከትልቁ ጋር ይቀላቀላል፣ እኔ እቀምሳለሁ፣ «ገና ነው» እላለሁ፣ ይጨመራል። ድስቱ አፉ ድረስ ሞላ። ሃምሳ አለቃ ደረታቸውን ነፉ።

«ይሄ ድስት በዛ ያለው ማን ነበር?»

እኔ ማንኪያዬን ነከርኩ።

ይህም ባልከፋ። ግን በግንቡ ላይ የሄደው ወሬ ምስር ስለማስፈለጉ ብቻ አልነበረም። «ቲቸር ቤት የሚቀምስ አለ» ተብሏል። ለካ ጠቅላላ ሠፈሩ ረመዳን ከገባ ጀምሮ በግምት ነው የሚያበስለው! መጀመሪያ አንዲት ጎረቤት ሾርባዋን በክዳን ሸፍና መጣች። «ቲቸር፣ ጨው አይተህልኝ፤ ባሌ ትናንት ተቆጥቶኛል።» አየሁላት። ሌላዋ መጣች። ቀጥሎ ከፈላና በር ውጭ የሃምሳ አለቃ ባለቤት የሁዳዴ ሽሮ ይዘው ደረሱ። ሃምሳ አለቃ ሰልፍ አሲያዙ፤ በቀኝ የሾርባ፣ በግራ የወጥ። ያን ቀን ስንት ማንኪያ እንደቀመስኩ አልቆጠርኩም። አሥራ አንድ ዓመት ተደብቄ የበላሁትን በአንድ ከሰዓት፣ በአደባባይ፣ በሰው ፊት ከፈልኩት። ሐሊማ ውሃ በጣሳ እያቀበለችኝ «አቦ በርታ ቲቸር፣ ሰባት ቀርተዋል» ትለኛለች።

በመሃል ቀና ስል እቴቴን አየኋት። ግንቡን ተደግፋ ቆማለች። ግቢዬ በክዳን ተሞልቷል፤ ሰው ሁሉ እየከፈተ ያሳየኛል። ምን እያሰበች እንደሆነ ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም።

«እቴቴ፣ ዘጠኝ አለፈ እኮ፤ አንቺ ብዪ እንጂ» አልኳት።

ወጥ ቤቱን በአገጯ አመለከተች። አይ ፋጡማ ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ እየጣሉ ነው። «እሷ እንዲህ ቆማ እየሠራች? አብሬያት እቆያለሁ።»

ጠዋት ግን «እርስዎ» ነበር የሚባባሉት።

ሳምቡሳው ከዘይት ሲወጣ ዘይቱን የሚመጥ ወረቀት ይፈልጋል። አስተማሪ ቤት ወረቀት አይጠፋም፤ የዘጠነኛ ክፍል የአምናውን ፈተና አመጣሁ። ግን ለሁለት መቶ ሰው የሚሆን ምስር ለሁለት መቶ ሰው የሚሆን ሳምቡሳ ይወጣዋል። ፈተናው አለቀ። የትምህርት ዕቅዴም አለቀ። ሐሊማ ትኩሱን በወንፊት ይዛ «ወረቀት! ወረቀት!» ትላለች።

እቴቴ ወደ ቦርሳዋ ሄደች። ላስቲኩን ፈታች። አንዱን ወረቀት መዘዘችና ትሪው ላይ ዘረጋችው፤ ሐሊማም ሳምቡሳውን ገለበጠችበት። ጠጋ ብዬ አየሁ። «የዝውውር መጠየቂያ ቅጽ» የሚለው ርዕስ ላይ ዘይቱ ቀስ እያለ ይሰፋል፤ ስሜ በእቴቴ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎ ነበር፣ እሱም ተዋጠ።

«እቴቴ...»

«ሁለት ቅጂ ነው» አለችኝ ፊቷን ሳታዞር። «ሌላው አለኝ።»

ፀሐይ ስትጠልቅ ነደባው ላይ፣ ነደባው ሲሞላ ምንጣፍ ዘርግተን ግቢው ውስጥ ተቀመጥን። ምስሩን የሰጡን ሁሉ ምስሩን ሊበሉ መጥተዋል። የሰባት ዓመቱ የአይ ፋጡማ የልጅ ልጅ መሃል ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። አዛን ተሰማ። አይ ፋጡማ ተምር አነሱ፤ ለራሳቸው ሳይሆን መጀመሪያ ለእቴቴ። «ያዢ እህቴ፣ አንቺ ከእኛ በላይ ቆይተሻል።» እቴቴ አማተበችና ተቀበለች። እኔ ምክንያቱን አላውቅም፣ ዓይኔን አቃጠለኝ። ሽንኩርት እንዳልል ሽንኩርቱ ካለቀ ቆይቷል።

ከዚያ ወጡ ቀረበ። ሁሉም እቴቴን ጠበቀ፤ እንግዳዋ እሷ ናት። ጠቀለለች፣ ጎረሰች፣ አላመጠች። ሃምሳ አለቃ ትንፋሻቸውን ዋጡ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጥሩ ነው» አለች። ትንሽ አሰበች። «ጨው ብቻ ያንሰዋል።»

ሳቁ እንዴት እንደፈነዳ አልነግራችሁም። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ምን ልበላቸው? ከዚያ ሁሉ ማንኪያ በኋላ ምላሴ ሞቷል፤ ስኳርም ብትሰጡኝ ጨው ነው የምላችሁ።

ዓርብ በጠዋት መናኸሪያ ሸኘኋት። አይ ፋጡማ ሳምቡሳ አሲዘዋታል፣ ሐሊማ ድንች፤ ለመንገድ ድንች ምን ይሠራል ብትሉ እኔም ብያለሁ። ስለ ሁለተኛው ቅጂ ልጠይቃት እያሰብኩ አውቶቡሱ ሄደ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ መጾም ጀመርኩ። ሉሉን ባዶ አደረግሁት፤ ደቡቡ ንፍቀ ክበብ ውስጥ ለክፉ ቀን ከተውኳት አንዲት ብስኩት በቀር። ግን ስምንት ሰዓት ሲሆን በሬ ይንኳኳል። «ቲቸር፣ ጨው አይተህልኝ። አንተ እንደሆንክ አትጾምም!» እጾማለሁ ብላቸው ማን ያምነኛል? ቢያምኑኝስ ሠፈሩን ማን ይቅመስለት?

እሑድ እቴቴ ደወለች። «ሰው አለህ?» አላለችኝም፤ «አይ ፋጡማ እንዴት ናት?» ነው ያለችው። ጭንቀቴን ነገርኳት።

«ቅመስላቸው» አለችኝ። «ያንተን እኔ እጾምልሃለሁ። ዘጠኝ ሰዓት የነበረውን አሥራ አንድ አደርገዋለሁ፤ ምንም አልሆን።»

«ያ ቅጽስ፣ ሁለተኛው ቅጂ?» አልኳት።

«የቱ ቅጽ?» አለች እቴቴ። «ስልኩን ዝጋና በሩን ክፈት፤ ሲንኳኳ ይሰማኛል።»